መስመር ሰባት

የእህቴ ባል ምንያህል፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣
«ቬጋስ መጥቶ ሳይተኩስ የሚመለስ እንግዳ
አይቼ አላውቅም» አለና ይዞኝ ሄደ፤
(በነፍስ ወከፍ እንደሚከፈለው የነገረኝ በኋላ ነው፣ እየቀለደ።)

ውጭው እሳት ነው፣ ውስጡ የክትባት ፍሪጅ፤
ባንኮኒው ላይ እስክሪብቶ በሰንሰለት፣ ከጎኑ ከረሜላ ለልጅ።
ፎርም ሞላሁ። «ጠጥተዋል?» አልጠጣሁም። «ነፍሰ ጡር ነዎት?» አይደለሁም።
«ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?»
እዚህ ላይ እስክሪብቶው ቆመ፤
ከኋላዬ ሰልፍ አለ፤ «አይ» በሚለው ሳጥን
ምልክቴ ትንሽ ዘመመ።

ከዚያ ሜኑ መጣ፣ እንደ ምግብ ቤት፣ በፕላስቲክ ተለብጦ፣
«የሙሽሮች ጥቅል»፣ «የልደት ጥቅል»፣ ዋጋው በቀኝ ተቀምጦ።
ትንሹን አልኩ፤ አንድ ሽጉጥ፣ ሃያ አምስት ጥይት።

እኔ መድኃኒት ነው የምቆጥር፣ ወልድያ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፤
ሃያ አንድ ፍሬ አሞክሳሲሊን በትንሽ ከረጢት፣
በቀን ሦስቴ፣ ለሰባት ቀን፣ ከምግብ በኋላ።
ልጅቷም ሃያ አምስቱን ቆጥራ ሰጠችኝ፣
ማዘዣ አልጠየቀችም፣ ከዚያ ወረቀት ሌላ።

ኬይሊ ትባላለች፤ ጥፍሯ ሐምራዊ ቀለም፤
«ጣትሽ ከቃታው ውጭ ይቆይ፣ እስክትወስኚ፤
ከወሰንሽ በኋላ መመለስ የለም።»
ዒላማ ምረጪ አለችኝ፤ ዞምቢ አለ በየዓይነቱ፣
ሴት አንቆ የያዘ ወንበዴ፣ ጭንብል ያጠለቀ በፊቱ።
ክቡን አልኳት። «ባዶውን ክብ?» ባዶውን ክብ።
ቁልፍ ተጫነች፤ ወረቀቱ እንደ ታጠበ ልብስ በሽቦ ላይ ሸሸ፤
እኔም ቆምኩ፣ ምን እንደበደለኝ ሳስብ።

ድምፁን አውቀዋለሁ።
ከዚያኛው ጎን ነው የማውቀው ግን፤
ከአልጋ ስር፣ የአከራዬን ልጅ የነጃትን ጆሮ በመዳፌ ደፍኜ፣
«ይሄኛው ሩቅ ነው፣ ያም ሩቅ ነው» እያልኩ፣
እየዋሸሁ፣ ውሸቴን ራሴው አምኜ።
አሁን የጆሮ ማፈኛው ኪራይ፣ መነጽሩም ኪራይ፣
የኬይሊም መዳፍ በኪራይ፣ ትከሻዬ ላይ።

ሳብኩት።
ክንዴ ዘለለ፤ ትኩሱ ቀለህ በኮሌታዬ ወረደ፤
ክቡ ንቅንቅ አላለ፣
የኔው ገላ ብቻ ነደደ።

ሁለተኛው ሳተ። ሦስተኛው ዳሩን ጫረ።
በስምንተኛው፣ ልደብቀው? ደስ አለኝ።
መሃሉን በሳሁት፤ ጮህኩ፤ እጄ «ድገሚ» አለኝ።
«ተፈጥሮሽ ነው» አለች ኬይሊ፤ እውነቷን ይሁን ለጉርሻ
እኔ እንጃ፤ ብቻ ሃያ አምስቱ ሲያልቅ
ጣቴ ለመነኝ፣ እንደ ማስታገሻ።

መስመር ስድስት ላይ ሙሽሮች ነበሩ፤
ቬሏን በማፈኛው ላይ ደርባ እሷ ትተኩሳለች፣ እሱ ይቀርጻል።
«እኛም ዘንድ በሰርግ ይተኮሳል» አልኳት ኬይሊን፣ «ወደ ሰማይ።»
«ታዲያ ጥይቱ የት ይወድቃል?»
ዝም አልኩ፣ ጣሪያውን ሳይ።

በማግስቱ ኤርፖርት፣ ጓንት ያጠለቀ ሰው መዳፌን በጨርቅ ጠረገ፤
ጨርቁን ለማሽን አጎረሰው፤ ማሽኑ አሰበ፣ አሰበና
ጮኾ ቀይ መብራት አደረገ።
እጄን ሦስቴ ታጥቤ ነበር።
ቦርሳዬ ተፈታ፤ ለእናቴ የገዛሁት የደም ግፊት መለኪያ፣ ነጠላ ጫማ፣
በጸጉር ማስያዣ የታሰረው፣ ብርሃን የሚያሳልፈው ዒላማ።
«ይሄ ምንድን ነው?»
ያለኝን እንግሊዝኛ ሁሉ ፈተሽኩ፤ አንድ ቃል ብቻ፤
«ተጫወትኩ።»
ፈገግ አለ። እንደኔ ያለውን በቀን ስንቱን ያያል።
ቀዳዳዎቹን በጣቱ ቆጥሮ «መጥፎ አይደለም» አለና ጠቀለለው።

ወልድያ፣ ቦርሳዬን ስታራግፍ ነጃት አገኘችው።
«ዓይጥ ነው የበላው?» አለች። አዎ አልኳት።
ወደ መስኮቱ ወሰደችው፤
በመሃለኛው ቀዳዳ አንድ ዓይኗን አስጠግታ፣ ሌላውን ጨፍና
አየችኝ ለረጅም ጊዜ።
«ቅርብ ነሽ» አለችኝ።